ግድግዳ የማያቆመው ድምፅ፦ የጀነሬተርና የወፍጮ ሞተር ጉርምርምታን ስለ መቀነስ

በገጠሩ የአገራችን ክፍል የናፍጣ ሞተር የብዙ በጎ ነገር መነሻ ነው። ከጥልቅ ጕድጓድ ውኃ የሚስበው፣ እናቶች በእጃቸው ይፈጩት የነበረውን እህል የሚፈጨው፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የጤና ጣቢያውን የማዋለጃ ክፍል የሚያበራው፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን የሚያሠራው እርሱ ነው። በመሆኑም ሞተሩ በተተከለ ዕለት ኅብረተሰቡ በእልልታ ይቀበለዋል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ከጎረቤቶቹ ሌላ ዓይነት ቃል መሰማት ይጀምራል፤ «ራሳችንን ይከብደናል»፣ «ሌሊት እንቅልፍ የለንም»፣ «ከጆሯችን ይልቅ ደረታችን ውስጥ ይሰማናል» የሚል። ባለሙያ መጥቶ በድምፅ መለኪያ ሲለካ የሚያነበው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚያስደነግጥ አይሆንም። ቅሬታውም «የተጋነነ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሻው ሰዎቹም መለኪያውም እውነት ሊናገሩ እንደሚችሉ ነው። ከሞተር የሚወጣው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ፣ በአማርኛችን ጉርምርምታ የምንለው፣ ከሌላው ጩኸት የተለየ ጠባይ አለው። ያንን ጠባይ ያልተረዳ ሰው ገንዘብ አውጥቶ መፍትሔ የማይሆን ነገር ይሠራል፤ አንዳንዴም ችግሩን ያብሰዋል። የተረዳው ግን በጥቂት ወጪ፣ አልፎ አልፎም ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ፣ የብዙ ሰዎችን ዕረፍት ይጠብቃል።

ጉርምርምታው ከየት ይመጣል?

ድምፅ የአየር ግፊት መወዛወዝ ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ የሚነግረን ልክ ኸርዝ ይባላል። የሰው ጆሮ በተለምዶ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ይሰማል። ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ገደማ ያለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ይባላል። ከበሮ ሲመታ በወፍራሙ አፉ የሚሰጠው ድምፅ ወደዚህ ወገን የሚቀርብ ሲሆን፣ የጸናጽል ድምፅ ግን ከፍተኛ ድግግሞሽ ካለው ወገን ነው።

ባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደሩ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የሲሊንደሮቹን ቁጥር በደቂቃ በሚዞረው ዙር አባዝተን ለ120 ስናካፍል ሞተሩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚተኩስ እናገኛለን። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ አብዛኞቹ የናፍጣ ጀነሬተሮች በደቂቃ 1,500 ዙር ይዞራሉ። ባለ 3 ሲሊንደሩ በሴኮንድ 37.5፣ ባለ 4 ሲሊንደሩ 50፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ ደግሞ 75 ጊዜ ይተኩሳል። ሦስቱም በጉርምርምታው ክልል ውስጥ ናቸው። በደቂቃ 650 ዙር የሚዞረው የቀድሞው ዓይነት ባለ አንድ ሲሊንደር የወፍጮ ሞተር ደግሞ በሴኮንድ 5.4 ጊዜ ብቻ ይተኩሳል። ይህ ከጆሯችን የመስማት ወሰን በታች ነው፤ የምንሰማው የዚሁ ቁጥር ብዜቶች የሆኑትን ድምፆችና እያንዳንዱን ምት ለየብቻው ነው። ወፍጮው ከሩቅ «ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጋዝ ተርባይን ውስጥ ፒስተን የለም፤ ነዳጁም ሳያቋርጥ ይነድዳል። ነገር ግን እሳቱ በማቃጠያው ክፍል ውስጥ ይዋልላል፤ እጅግ ብዙ የሆነው የጭስ ፍሰትም በሰፊው ማውጫ ውስጥ እየተናወጠ ያልፋል። ከዚህ የሚወለደው ድምፅ በ31.5 ኸርዝ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ለሕዝብ መብራት የሚሰጥ የመጀመሪያው የጋዝ ተርባይን እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ኒውሻቴል ከተማ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ኃይሉም 4 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዋናው የመብራት ምንጭ ይኸው ማሽን ነው። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚገኝ በመሆኑ የእኛ ጉዳይ በይበልጥ የናፍጣ ሞተሩ ነው፤ የሁለቱ ጉርምርምታ የሚታገሥበትና የሚቀነስበት ሕግ ግን አንድ ነው።

ድምፁ ከሞተሩ በሦስት መንገዶች ይወጣል። የመጀመሪያውና ብዙውን ጊዜ ኃይለኛው የጭስ ማውጫው ነው። ሁለተኛው ከሞተሩ አካል፣ ከአየር መሳቢያውና ከማራገቢያው በአየር የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ንዝረት ሆኖ በመሠረቱ በኩል ወደ መሬትና ወደ ግድግዳ የሚገባው ነው። የትኛው መንገድ እንደሚያስቸግር ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው።

ስለ ምን ሩቅ ይደርሳል?

የዚህ ድምፅ ምሥጢር በሞገዱ ርዝመት ላይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። የ1,000 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የ50 ኸርዝ ግን ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፣ የ20 ኸርዝ ደግሞ 17 ሜትር ነው። ቤት የሚያህል ሞገድ በበርና በመስኮት፣ በአጥርና በግንብ አይገታም።

ግድግዳ ድምፅን የሚያቆመው በክብደቱ ነው። የግድግዳው ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያስቀረው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ የድምፁ ድግግሞሽ በግማሽ ሲቀንስ ግን ያው ግድግዳ የሚያስቀረው በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ የ500 ኸርዝ ድምፅን በደንብ የሚይዝ ግድግዳ የ50 ኸርዙን ሲያገኝ ጉልበቱ በ20 ዴሲቤል ያህል ይደክማል። ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ በክብደቱ ይረዳል፤ ስስ የቆርቆሮ ግድግዳና ጣራ ግን ለጉርምርምታው እንደሌለ ይቆጠራል፣ ይባስ ብሎም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ የገባ ሰው የሞተሩ ስል ጩኸት ቀርቶለት ጉርምርምታው ብቻ ጎልቶ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ዛፍ መትከል ለብዙ ነገር በጎ ነው፤ ለዚህ ድምፅ ግን መፍትሔ አይሆንም። ለድምፅ ስሌት በሚያገለግለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን የ63 ኸርዝ ድምፅን የሚቀንሰው በ2 ዴሲቤል ብቻ ነው። በድምፁ መንገድ ላይ የሚቆም የግንብ አጥርም እንዲሁ ነው። ለ1,000 ኸርዝ ድምፅ 18 ዴሲቤል የሚያስቀር አጥር ለ50 ኸርዙ 8 ያህል ብቻ ያስቀራል፤ ሞገዱ በላዩ ጐብጦ ያልፋልና። የጭስ ማውጫውን አፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞርም ጭሱን ያርቃል እንጂ ጉርምርምታውን አያዞርም፤ ከቧንቧው ስፋት እጅግ የረዘመ ሞገድ ከአፉ ሲወጣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰራጫልና።

የደጋው ሌሊትም ድምፁን ያግዘዋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከላዩ ያለው ይሞቃል። በዚህ ጊዜ ወደ ላይ የሚሄደው ድምፅ ተመልሶ ወደ መሬት ይጐብጣል። ቀን የማይሰማው ሞተር ሌሊትና ማለዳ ጎልቶ የሚሰማው ሌላው ድምፅ ሁሉ ጸጥ ስላለ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው በክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት የሞገዱን ግማሽ ሲያህል ድምፁ በክፍሉ ውስጥ እየተመላለሰ ይጠነክራል። የ50 ኸርዝ ሞገድ ግማሽ 3.4 ሜትር ነው፤ ይህም የተለመደ የመኝታ ክፍል ርዝመት ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል መካከል የቆመ ሰው ድምፁን እምብዛም አይሰማውም፤ በግድግዳው ጥግ ራሱን ያስጠጋ ግን በኃይል ይሰማዋል። አልጋ ደግሞ የሚቀመጠው በግድግዳ ጥግ ነው። ሊመረምር የመጣው ሰው በክፍሉ መካከል ቆሞ «ምንም አልሰማሁም» ሲል፣ ታማሚዋ «እንቅልፍ አጣሁ» ብትል ሁለቱም አልዋሹም።

መለኪያው የሚደብቀው

የተለመደው የድምፅ መለኪያ ድምፆችን ሁሉ በእኩል አይቆጥርም። «ኤ» በሚባለው ሚዛን ሲለካ የሰው ጆሮ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን በደካማው የመስማቱን ነገር ለማስመሰል ከ50 ኸርዙ ድምፅ 30 ዴሲቤል፣ ከ31.5 ኸርዙ ደግሞ 39 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ50 ኸርዝ 70 ዴሲቤል የሆነ ጉርምርምታ በመለኪያው መስኮት ላይ 40 ሆኖ ይነበባል። «ሲ» በሚባለው ሚዛን ግን የሚቀነሰው 1 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ጆሮ ዝቅተኛውን ድምፅ በደካማው መስማቱ እውነት ነው፤ ድምፁ የመስማት ወሰኑን ካለፈ በኋላ ግን ጥቂት ጭማሪ እንደ ብዙ ይሰማል። ይህ ነገር ለመፍትሔውም ተስፋ ይሰጣል፤ 5 ወይም 6 ዴሲቤል መቀነስ በወረቀት ላይ ጥቂት ቢመስልም በጉርምርምታ የሚሠቃየውን ሰው በእጅጉ ያሳርፈዋል።

ከዚህ የተነሣ በሥራችን ልንይዘው የሚገባ ቀላል ደንብ አለ። በአንድ ቦታ ላይ በ«ኤ»ም በ«ሲ»ም ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 20 ዴሲቤል ከደረሰ ችግሩ ጉርምርምታ ነው፤ ከ10 ካለፈም ድምፁ በየድግግሞሹ ተለያይቶ መመርመር ይገባዋል። መለኪያውም በክፍሉ መካከል ብቻ ሳይሆን የሰው ራስ በሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሌሊት በሕሙማን መኝታ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከ30፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል፤ ዝቅተኛ ድግግሞሽ በሚበዛበት ቦታ የ«ኤ» ሚዛን ብቻውን እንደማይበቃም አስገንዝቧል።

በጤና ጣቢያ ዘንድ ነገሩ ከእንቅልፍም ያልፋል። የልብ ትርታ፣ የደም ግፊት ሲለካ በማዳመጫው የሚሰማው ምት፣ የፅንስ የልብ ምትም በአብዛኛው የሚገኙት ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ጀነሬተሩ የሚያጉረመርመው በዚያው ክልል ነው። አዋላጇ በእናቲቱ ሆድ ላይ ማዳመጫዋን አስጠግታ የፅንሱን የልብ ምት ስትሻ ከአጠገቧ ያለው ሞተር ያንኑ ድምፅ ይሸፍንባታል። ስለዚህ ጀነሬተሩን ከማዋለጃው ክፍል ማራቅ ለምቾት ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም።

መፍትሔው፦ በቅደም ተከተል

፩ኛ. ቦታና ምርጫ። ከመፍትሔዎች ሁሉ ርካሹ በወረቀት ላይ የሚሠራው ነው። በገላጣ ቦታ ርቀት እጥፍ በሆነ ቍጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጀነሬተሩን ከክፍሉ 15 ሜትር ላይ ከመትከል ይልቅ 60 ሜትር ላይ መትከል 12 ዴሲቤል ያተርፋል። ርቀት ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድግግሞሽ እኩል የሚቀንስ በመሆኑ ለጉርምርምታ የሚታመን መድኃኒት ነው። በእርግጥ ገመዱ ይረዝማል፤ ኃይል በመንገድ እንዳይባክንም ወፍራም ገመድ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የማይተኛው ሕመምተኛ ግን በየሌሊቱ ይከፍላል።

ከዚያ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ሞተር ያስፈልጋልን?» የሚለው ነው። ውኃ በቀን ተስቦ በማጠራቀሚያ ሊቆይ በሚችልበት ቦታ የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ድምፁንም የናፍጣውንም ወጪ ያስቀራል። ለክትባት ማቀዝቀዣና ለሌሊት መብራት ፀሐይና ባትሪ ከዋሉ ጀነሬተሩ ለከባዱ ሥራ ብቻ፣ ያውም በቀን፣ ይነሣል።

፪ኛ. የጭስ ማውጫው። በሞተሩ ላይ የሚመጣው ትንሽ ማርሚታ ስሉን ጩኸት ይቀንሳል እንጂ ለጉርምርምታው ብዙም አይረዳም። ምክንያቱን እናስረዳ። ጠባብ ቧንቧ ወደ ሰፊ ክፍል ሲገባ የድምፁ ሞገድ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ክፍሉ ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ ሲሆንም ይህ ሥራው ከሁሉ ይበረታል። በጭስ ማውጫ ውስጥ ያለው ጋዝ ትኩስ በመሆኑ ድምፅ ይፈጥናል። ጭሱ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሴኮንድ 520 ሜትር ይጓዛል፤ የ50 ኸርዝ ሞገድ ሩብም 2.6 ሜትር ይሆናል። በክንድ ልክ የተሠራ ማርሚታ ለዚህ አጭር ነው። የክፍሉ አግድም ስፋትም ይቆጠራል፤ ዲያሜትሩ የቧንቧውን 3 እጥፍ ሲሆን ቢበዛ 13፣ 4 እጥፍ ሲሆን ቢበዛ 18 ዴሲቤል ያስቀራል። ስለዚህ ለጉርምርምታ የሚሆን ማርሚታ ረጅምና ወፍራም ነው። አንዳንዶች ከወፍራም ላሜራ በተበየደ በርሜል ወይም በተቀበረ የኮንክሪት ጕድጓድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። በትክክል ከተሠራ ይረዳል፤ የሚጠራቀመው ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች ሊኖረው፣ ቧንቧውም በየትኛውም ቦታ ሊጠብ አይገባም። የጠበበ ማውጫ ሞተሩን ያንቀዋል፤ ነዳጅ ያስበላል፤ ቫልቮቹንም ያቃጥላል።

ማርሚታ ሲገዛ «ይህን ያህል ዴሲቤል ይቀንሳል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ያ ቍጥር በአብዛኛው በ«ኤ» ሚዛን የተነገረ ነውና። በ31.5፣ በ63 እና በ125 ኸርዝ ምን ያህል እንደሚቀንስ በጽሑፍ ይጠየቅ።

፫ኛ. መሠረቱ። በዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሞተር ነዘረ ተብሎ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ከሥሩ ይነጠፋል። ላስቲክም ሆነ ሞላ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረውም የሞተሩ መወዛወዝ ከዚያ ልክ በ1.4 እጥፍ ሲበልጥ ብቻ ነው፤ በተግባር 3 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ ከተካከሉ ንዝረቱ ከቀድሞው ይብሳል። በሞተሩ ክብደት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚጫን ላስቲክ የመወዛወዝ ልኩ 11 ኸርዝ ያህል ነው፤ በደቂቃ 650 ዙር የሚዞረው የወፍጮ ሞተር ደግሞ በሴኮንድ 10.8 ጊዜ ይዞራል። ከዚህ የከፋ መገጣጠም የለም። በደቂቃ 1,500 ዙር ለሚዞረው ጀነሬተር ግን 4 ሚሊ ሜትር የሚጫን መደገፊያ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ የዙሩ መጠን በሴኮንድ 25 ሲሆን የመደገፊያው ልክ 8 ነውና።

ለዘገምተኛው የወፍጮ ሞተር የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች የያዙት መንገድ ዛሬም ይሠራል፤ ይኸውም የሞተሩን ክብደት ከ3 እስከ 5 እጥፍ የሚመዝን የኮንክሪት መሠረት ከቤቱ ወለልና ግድግዳ ለይቶ መሥራት ነው። በመሠረቱና በወለሉ መካከል የጣት ስፋት ያለው ክፍተት ይተው፤ በሲሚንቶ አይደፈን። የጭስ ማውጫውና የነዳጁ ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኙትም በሚተጣጠፍ ማገናኛ ይሁን። ያለዚያ ንዝረቱ በመሠረቱ በኩል የተዘጋበትን መንገድ በቧንቧው በኩል ያገኘዋል።

፬ኛ. የሞተሩ ቤት። ግድግዳው ከባድ ይሁን፤ ባዶ ብሎኬት በአሸዋና በሲሚንቶ ቢሞላ ክብደቱ ይጨምራል። ጣራው ከቆርቆሮ ብቻ ከሆነ የግድግዳው ድካም ከንቱ ነው፤ ድምፁ በጣራው ይወጣልና። አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ቀጥታ ቀዳዳ ከሚሆን ይልቅ የሚጠማዘዝ ይሁን። ግድግዳውን በስፖንጅ ወይም በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን መለበድ ግን ለጉርምርምታ ዋጋ የለውም፤ የ50 ኸርዝን ድምፅ በደንብ ለመምጠጥ 1.7 ሜትር ያህል ውፍረት ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ስፖንጅና ካርቶን በሞተር ቤት ውስጥ ለእሳት ማገዶ ናቸው።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እናስገባለን። ድምፁን ለመያዝ ብሎ የሞተርን ቤት መዝጋት ሰው ይገድላል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በውስጡ የሠራ ሰው ሳያውቀው ይደክማል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል። ጭሱ ሁልጊዜ ባልተሰነጠቀ ቧንቧ ወደ ውጭ፣ ከጣራ በላይና ከመስኮቶች ርቆ ይውጣ። የአየር መግቢያና መውጫውም በምንም ምክንያት አይደፈን፤ አየር ያጣ ሞተር ራሱም ይግላል።

፭ኛ. የሚሰማው ሰው። ሌላው ሁሉ ካልተቻለ አልጋን ከግድግዳው ጥግ ማራቅ፣ የክፍሎችን አገልግሎት መለዋወጥ፣ መጋዘኑን ወደ ሞተሩ አቅራቢያ፣ የሕሙማን ክፍሉን ወደ ማዶው ማድረግ ይቻላል። የሥራ ሰዓትን ከጎረቤቶች ጋር ተመካክሮ መወሰንም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ወፍጮው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚያውቅ ጎረቤት ድንገት ከሚቀሰቀሰው ይልቅ ይታገሣል።

ከእነዚህ ሌላ ድምፅን በተቃራኒ ድምፅ የማጥፋት ጥበብ አለ። ጀርመናዊው ፓውል ሉግ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ሐሳብ ዛሬ በጆሮ ማዳመጫዎች ውስጥ በሰፊው ይሠራበታል፤ የሚሳካለትም በተለይ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ነው። ሆኖም በትኩስ የጭስ ማውጫ ላይ ለመግጠም ዋጋውና ጥገናው ስለሚከብድ ለገጠር ጤና ጣቢያና ለወፍጮ ቤት የሚመከር አይደለም።

ከመፈራረም በፊት የሚጠየቁ

የግንባታ ኮሚቴዎችና ሰበካ ጉባኤያት የጀነሬተር ወይም የወፍጮ ውል ከመፈረማቸው በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቁ ብዙ ቅሬታ በጅምሩ ይቀራል።

• ሞተሩ ስንት ሲሊንደር አለው? በደቂቃ ስንት ዙር ይዞራል? በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይተኩሳል?
• ከሚተኛበት፣ ከሚማርበት፣ ከሚጸለይበትና ሕሙማን ከሚመረመሩበት ቤት በሜትር ምን ያህል ይርቃል?
• የማርሚታው ርዝመትና ዲያሜትር ስንት ነው? በ63 ኸርዝ ምን ያህል ይቀንሳል?
• መሠረቱ ከቤቱ ወለል የተለየ ነውን? መደገፊያው በሞተሩ ክብደት ስንት ሚሊ ሜትር ይጫናል?
• አየር በየት ይገባል? በየት ይወጣል? ጭሱስ?
• ሥራው ሲያልቅ በ«ኤ»ም በ«ሲ»ም ተለክቶ፣ ያውም ሌሊት፣ ይረከባልን?

ይህ የመልካም ጉርብትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ወሰን የአካባቢ ደረጃ ከሚወጣላቸው ነገሮች አንዱ እንዲሆን ደንግጓል። የልማት ሥራ የሚሠራ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ጭምር፣ ከዚህ ውጭ አይደለም።

ስለዚህ በሞተር አጠገብ የሚኖር ሰው «ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል» ሲል የሚነግረን ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ነው፤ መለኪያችን በ«ኤ» ሚዛን የደበቀውን እርሱ በአካሉ አንብቦታል። ቅሬታውን በመዝገብ ከመዝጋታችን በፊት መለኪያውን ወደ «ሲ» አዙረን ራሱን በሚያሳርፍበት ቦታ እንለካ። ውኃና ዱቄት ያመጣንለት ጎረቤት እንቅልፉን እንዲከፍልበት አንሻም።